ለቤት አኳሪየም የቧንቧ ስፋትና የቫልቭ አመራረጥ በሪያድ

ሪያድ ወንዝ የሌላት፣ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከምትጠቀምበት ውሃ አብዛኛው በዐረብ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ በጁበይልና በረእስ አል ኸይር ጨዋማነቱ ተወግዶ፣ በፓምፕ ኃይል ሽቅብ እየተገፋ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርሳት ነው። በከተማዋ ውስጥ ውሃውን የሚያከፋፍለው እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው ብሔራዊ የውሃ ኩባንያ ነው። ውሃው ግቢ ከደረሰ በኋላም ጉዞው አያበቃም። በመጀመሪያ ከመሬት በታች ወዳለው ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ቀጥሎም ነዋሪው ሁሉ «ዲናሞ» በሚለው ፓምፕ ወደ ጣሪያ ታንከር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ክብደት ወደ ማእድ ቤትና መታጠቢያ ቤት ይወርዳል።

ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ አኳሪየም የዚህ ሥርዓት ትንሽ አምሳያ ነው። እዚያም የታችና የላይ ማጠራቀሚያ፣ ፓምፕ፣ ወደ ላይ የሚገፋ ቧንቧና በራሱ የሚወርድ ቧንቧ አለ። ልዩነቱ የሚታየው ስሕተት ሲፈጠር ነው። የጣሪያው ታንከር ቢሞላ ትርፉ ደጅ ይፈስሳል። የአኳሪየሙ ትርፍ ግን ምንጣፍ ላይ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ፣ ቤቱ አፓርታማ ከሆነም በታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ያርፋል። በብዙ ቤቶች ደግሞ ገንዳውን በየቀኑ የሚያየው ባለቤቱ ሳይሆን የቤት ሠራተኛዋ፣ ሾፌሩ ወይም የግቢው ጠባቂ ነው። ቤተሰቡ በሙቀቱ ወራት ለዕረፍት ሲወጣ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ በእነርሱ እጅ ይወድቃል። ውሃ ፈስሶ ሲገኝም በቅድሚያ የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዳው በተተከለበት ዕለት በተመረጠው ቧንቧ ውስጥ ያለ ነው።

ስለዚህ የቧንቧ ምርጫ የሚጀምረው ውሃው በደኅና ጊዜ እንዴት እንደሚዘዋወር በማሰብ አይደለም። መብራት ሲጠፋና ወራጁ ቧንቧ ሲደፈን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ በመጠየቅ ነው።

የሁለት ገንዳዎች አሠራር

ትልቅ የቤት አኳሪየም ብዙውን ጊዜ ሁለት ገንዳዎች አሉት። ዓሦቹ የሚኖሩበት የላይኛው ገንዳ በመስታወቱ ጠርዝ አጠገብ ጥርስ ያለው የትርፍ ውሃ ማፍሰሻ ሳጥን ይኖረዋል። ውሃው ከጥርሱ ከፍታ ሲያልፍ ወደ ሳጥኑ ይገባና በወራጁ ቧንቧ በመቀመጫው ሥር ወደተደበቀው የታችኛው ገንዳ ይወርዳል። እዚያ ይጣራል፤ ሙቀቱም ይስተካከላል። ከዚያ ፓምፑ በመላሹ ቧንቧ መልሶ ወደ ላይ ይሰደዋል። መላሹ የፓምፕ ጉልበት አለው፤ ወራጁ ያለው የመሬት ስበት ብቻ ነው። ሁለቱን ቧንቧዎች በአንድ ስፋት ማድረግ በአዲስ ተከላ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው። ከላይ የሚገፋው ውሃ ከታች ከሚወርደው ከበለጠ የላይኛው ገንዳ መሙላቱ አይቀርም።

አንድ ምሳሌ መያዝ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እስከ አፉ ቢሞላ 300 ሊትር ይይዛል። የውሃው ክብደት ብቻ 300 ኪሎ ግራም ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ የጨው አልባ ውሃ ገንዳ በሰዓት አምስት ጊዜ ያህል መዘዋወር በቂ ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ በሰዓት 1500 ሊትር ወይም በሰከንድ 417 ሚሊ ሊትር ገደማ መፍሰስ አለበት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይነሣል።

በስበት ብቻ የሚወርድ ውሃ በቧንቧ ውስጥ በሰከንድ ከ1 ሜትር በላይ እንዲሮጥ ማድረግ አይመከርም። አየር እየሳበ የሚያጉረመርመውን ድምፅ የማይፈልግ ሰው ደግሞ ግማሽ ሜትርን እንደ ወሰን ቢይዝ ይሻለዋል። በግማሽ ሜትር ፍጥነት 417 ሚሊ ሊትር ለማሳለፍ 8.3 ካሬ ሳንቲ ሜትር የሆነ የውስጥ ክፍተት ያስፈልጋል፤ ይህም ወደ 33 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ የውስጥ ዲያሜትር ነው። መላሹ ቧንቧ ግን በፓምፕ ስለሚገፋ በሰከንድ እስከ 1.5 ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ ለዚያው መጠን 19 ሚሊ ሜትር ገደማ የውስጥ ዲያሜትር ይበቃዋል። ለአንዱ 33፣ ለሌላው 19 መሆኑ የሁለቱን ሥራ ልዩነት በቁጥር ያሳያል። የቧንቧ ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን የውስጥ ክፍተቱ አራት እጥፍ እንደሚሆንም ማስታወስ ይጠቅማል። ሁለት የግማሽ ኢንች ቧንቧዎች ተደምረው የአንድ ኢንቹን ሥራ አይሠሩም።

በቧንቧው ላይ የተጻፈው ቁጥር

ስሌቱ ከተሠራ በኋላ ወደ መደብር ሲኬድ ሌላ ችግር ያጋጥማል። በሪያድ የቧንቧ ዕቃ መሸጫዎች ሁለት የመለኪያ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ አንዱ በሚሊ ሜትር፣ ሌላው በኢንች ነው። በሚሊ ሜትር የሚጠራው የፒቪሲ ቧንቧ ስሙን የሚወስደው ከውጭ ዲያሜትሩ ነው። «32» የተባለው ቧንቧ ከውጭ 32 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከፍተኛ ግፊት እንዲችል የተሠራው ዓይነት ውስጡ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በኢንች የሚጠራው ግን ስሙ ውጩንም ውስጡንም በትክክል አይናገርም። በአሜሪካ መለኪያ ስኬጁል 40 የተሠራ ባለ 1 ኢንች ቧንቧ ከውጭ 33.4፣ ከውስጥ 26.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

የ32 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧና የ1 ኢንቹ መገጣጠሚያ በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በእጅ ሲገቡም ይገባሉ። በመካከላቸው ግን ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት አለ፤ የፒቪሲ ማጣበቂያ ደግሞ ሁለቱን ፕላስቲኮች አሟሙቶ የሚያዋሕድ እንጂ ክፍተት የሚሞላ አይደለም። እንዲህ የተገጠመ መጋጠሚያ በመጀመሪያው ቀን ላያንጠባጥብ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ይላቀቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቧንቧውን፣ መገጣጠሚያውንና ቫልቩን ከአንድ ሥርዓት ብቻ መግዛት፤ ካልሆነም ሁለቱን ሥርዓቶች በጥርስ በሚገጥም ማገናኛ ማያያዝ።

የቤት ውሃ መስመር በሚዘረጋበት ነጭ ወይም አረንጓዴ ፒፒአር ቧንቧ አኳሪየም የሚሠሩም አሉ። ዕቃው ራሱ ለዓሣ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ሙቅ ውሃና ከፍተኛ ግፊት እንዲችል ግድግዳው ወፍራም ተደርጎ ስለተሠራ ውስጡ ጠባብ ነው። ለ20 ባር የተሠራው የ25 ሚሊ ሜትር ፒፒአር ውስጡ 16.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ያው 25 የተባለ የግፊት ፒቪሲ ግን 21 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ አራት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ለአንድ ዓይነት የውሃ መጠን በቧንቧ ውስጥ የሚባክነው ጉልበት ከዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ በጠባቡ ቧንቧ የሚባክነው ከሰፊው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። በተጨማሪም ፒፒአር በሙቀት መሣሪያ የሚበየድ እንጂ በማጣበቂያ የሚያያዝ አይደለም። አንድ ጊዜ የተበየደውን ለጽዳት መፍታት ስለማይቻል ለአኳሪየም የግፊት ፒቪሲ የተሻለ ምርጫ ነው።

በምሳሌው ገንዳ ላይ እንግዲህ ለወራጁ የ40 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ፣ ወይም ከአሜሪካው መለኪያ የ1 ኢንች ከሩብ ቧንቧ ይመጥናል፤ የሁለቱም ውስጥ ከ34 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለመላሹ የ25 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ወይም ሦስት አራተኛ ኢንች ይበቃል።

ፓምፕና ከፍታ

በፓምፕ ካርቶን ላይ ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ይጻፋሉ፦ በሰዓት የሚገፋው ከፍተኛ የሊትር መጠንና ውሃን የሚያወጣበት ከፍተኛ ቁመት። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም። የመጀመሪያው ቁጥር ፓምፑ ምንም ከፍታ ሳይወጣ የሚሰጠው ነው፤ በሁለተኛው ቁመት ላይ ደግሞ የሚፈስሰው ውሃ ዜሮ ነው። ከታችኛው ገንዳ የውሃ ወለል እስከ ላይኛው ገንዳ አፍ ብዙውን ጊዜ 1.2 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ላይ የቧንቧው ሰበቃ ይጨመራል። አንድ ባለ 90 ዲግሪ ክርን የቧንቧውን ዲያሜትር 30 ጊዜ ያህል ርዝመት ካለው ቀጥተኛ ቧንቧ ጋር እኩል ያዘገያል፤ በ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ላይ አራት ክርኖች ከ2 ሜትር በላይ ቧንቧ እንደመጨመር ናቸው። ስለዚህ በምሳሌው ገንዳ 1500 ሊትር በተግባር እንዲደርስ ካርቶኑ ላይ 3000 ሊትርና 3 ሜትር የሚል ፓምፕ ቢመረጥ ማጋነን አይሆንም። ቢበዛ በቫልቭ ይቀነሳል። የሚቀነሰውም ሁልጊዜ ከፓምፑ በኋላ ባለው መስመር ላይ ነው፤ ፓምፑ ውሃ በሚስብበት አፍ ላይ ማጥበብ ፓምፑን ያስጮኸዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል።

የመብራቱም ዓይነት ከግምት ይገባል። የሳዑዲ ዐረቢያ ኤሌክትሪክ በ60 ኸርዝ ይሠራል፤ ተለዋጭ ጅረት የሚጠቀሙ ትናንሽ የአኳሪየም ፓምፖች የሚሽከረከሩበት ፍጥነት ደግሞ ከዚህ ቁጥር ጋር ይሄዳል። ለ50 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ፓምፕ እዚህ ሲሰካ ከታሰበለት 20 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይሽከረከራል፣ ይግላልም። በተቃራኒው ከሪያድ ተገዝቶ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ፓምፕ፣ የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ ጉልበቱ ይቀንሳል። በፓምፑ አካል ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ሁለቱንም ቁጥሮች ከያዘ ችግር የለም። በአሮጌ የሪያድ ቤቶች ሁለት ዓይነት ቮልቴጅ ያላቸው ሶኬቶች ስለሚገኙ ከመሰካት በፊት እርሱንም ማረጋገጥ ያሻል።

መብራት ሲጠፋ፣ ቧንቧ ሲደፈን

ፓምፑ ሲቆም በመላሹ ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል። የመላሹ አፍ ከውሃው ወለል በታች ከሆነ ውሃው ሳይፎን ሆኖ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ የላይኛውን ገንዳ ይጠባል። በምሳሌው ገንዳ አፉ ከወለሉ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ የሚመለሰው 24 ሊትር ነው፤ በቧንቧውና በማፍሰሻው ጥርስ ላይ ያለው ሲጨመር 30 ሊትር ያህል ይሆናል። ውበት እንዲኖረው ተብሎ አፉ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢደረግ ግን የሚመለሰው 90 ሊትር ነው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የታችኛው ገንዳ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ተሞልቶ ከሠራ ባዶ የሚቀረው ቦታ 36 ሊትር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ውሃው ተጨናንቆም ቢሆን ይገባል፤ በሁለተኛው ከ50 ሊትር በላይ ወለሉ ላይ ይፈስሳል።

ብዙዎች ይህን ለመከላከል በመላሹ ላይ ማስመለሻ የሌለው ቫልቭ፣ ማለትም ቼክ ቫልቭ ይገጥማሉ፤ የመደብር ሠራተኞች «ረዳድ» ይሉታል። ቫልቩ ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን የሚታመን አይደለም። አንዲት ቀንድ አውጣ፣ የአልጌ ክር ወይም የደረቀ የጨው ቅንጣት ምላሱ ሥር ከገባ አይዘጋም፤ አለመዝጋቱም የሚታወቀው መብራት በጠፋበት ሌሊት ነው። አስተማማኙ መንገድ የመላሹን አፍ ወደ ወለሉ ማስጠጋት፣ ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎም በቧንቧው ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ነው። ቀዳዳው በየሳምንቱ በጥርስ ብሩሽ ካልተጠረገ ይደፈናል። የታችኛው ገንዳም ቼክ ቫልቩ ጨርሶ እንደሌለ ታስቦ ባዶ ቦታ ሊተውለት ይገባል።

ሁለተኛው አደጋ የወራጁ መደፈን ነው። ፓምፑ ይህን ስለማያውቅ መግፋቱን ይቀጥላል። የሚገፋው ግን በራሱ ክፍል ያለውን ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ የላይኛው ገንዳ ከመፍሰሱ በፊት ያ ክፍል እንዲደርቅ ማድረግ ይቻላል። በምሳሌው ገንዳ ከውሃው ወለል እስከ ጠርዙ 3 ሳንቲ ሜትር ቢተው የሚይዘው ተጨማሪ ውሃ 18 ሊትር ነው፤ በታችኛው ገንዳ ፓምፑ የሚቆምበት ክፍል ከዚህ ያነሰ ከያዘ፣ ወራጁ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ እንኳ ወለሉ አይረጥብም። ፓምፑ ደርቆ መሥራቱ ሊጎዳው ይችላል፤ ፓምፕ ግን ይተካል።

ከዚህ በላይ መጠንቀቅ የሚሻ ባለቤት ሁለት ወራጅ ቧንቧ ያስተክላል። የመጀመሪያው አፉ ዘወትር በውሃ ተሸፍኖ ያለ አየር፣ ያለ ድምፅ ይወርዳል፤ ፍሰቱም በጌት ቫልቭ ይመጠናል። የሁለተኛው አፍ ከፍ ብሎ ይቀመጥና በደኅና ቀን እፍኝ ውሃ ብቻ ያሳልፋል ወይም ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ አንደኛው ሲደፈን ሁሉን የሚሸከመው እርሱ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው መጥበብ የለበትም። ቫልቭም ፈጽሞ አይገጠምበትም፤ ቫልቭ ያለው የአደጋ ጊዜ መውጫ አንድ ቀን ተዘግቶ ይገኛልና።

ቫልቮች

ለመዝጋትና ለመክፈት ቦል ቫልቭ ይበልጣል፤ እጀታው በሩብ ዙር ይዘጋል፣ ክፍት ይሁን ዝግ ከሩቅ ይታወቃል። ሲገዛ ግን ውስጡን ማየት ያስፈልጋል፤ ርካሾቹ የኳሱ ቀዳዳ ከቧንቧው ይጠብባል። ፍሰትን ለመመጠን ግን ቦል ቫልቭ አይመችም፤ እጀታው ጥቂት ሲነካ ፍሰቱ ብዙ ይለወጣል። ለዚህ የሚሆነው በብዙ ዙር ቀስ ብሎ የሚወርደው ጌት ቫልቭ ነው፤ የፕላስቲኩ ዓይነት ዋጋው ከፍ ቢልም ለወራጁ መስመር ከእርሱ የተሻለ የለም። ዘወትር ለጽዳት የሚፈታ ነገር ሁሉ፣ ማለትም ፓምፑም ሆነ ቼክ ቫልቩ፣ በሁለቱም ወገን ዩኒየን ሊኖረው ይገባል። ያለ ዩኒየን የተጣበቀ ቼክ ቫልቭ ሊጸዳ አይችልም፤ ሊጸዳ የማይችል ቼክ ቫልቭም ከዓመት በኋላ የለም ማለት ይቻላል።

የነሐስና የመዳብ ዕቃዎች ለቤት ውሃ የተለመዱ ቢሆኑም ለአኳሪየም መስመር አይሆኑም። መዳብ ለሽሪምፕ፣ ለቀንድ አውጣና ለኮራል መርዝ ነው፤ የባሕር ውሃ ደግሞ ነሐሱን ራሱን ይበላዋል። በመስታወት ላይ የሚገጠመው የቀዳዳ ማገናኛም ጥንቃቄ ይሻል። ማገናኛው ሳይገዛ ቀዳዳ አይበሳም፤ የሚያስፈልገው የቀዳዳ ስፋት ከቧንቧው በጣም ስለሚበልጥና ከአምራች አምራች ስለሚለያይ። በሙቀት የጠነከረ ቴምፐርድ መስታወት ደግሞ ጨርሶ አይበሳም፤ መሰርሰሪያው እንደነካው ሙሉ በሙሉ ይበታተናል። ብዙ የተዘጋጁ ገንዳዎች የታችኛው መስታወታቸው እንዲህ ዓይነት ስለሆነ አስቀድሞ ሻጩን መጠየቅ ግድ ነው።

የሪያድ ውሃ ወደ ገንዳው ሲገባ

አየሩ ደረቅ፣ ማቀዝቀዣውም ቀንና ሌሊት የሚሠራ በመሆኑ በሪያድ ከአኳሪየም ብዙ ውሃ ይተናል። በምሳሌው ገንዳ የውሃው ወለል በግማሽ ሳንቲ ሜትር መቀነስ 3 ሊትር ማጣት ነው። ይህን ለመተካት አንዳንዶች የቤቱን ቧንቧ በቀጥታ ከታችኛው ገንዳ ጋር አገናኝተው በተንሳፋፊ ቫልቭ፣ በዐረብኛው «አዋማ» ይቆጣጠሩታል። ምቹ ቢመስልም ሦስት ጉዳት አለበት። አዋማው ሳይዘጋ ቢቀር የሚፈስሰው የጣሪያው ታንከር በሙሉ ነው። ውሃው ለጤና ሲባል ክሎሪን ስላለበት ለዓሦች ከመድረሱ በፊት በማስወገጃ መታከም አለበት። በሙቀቱ ወራት ደግሞ በጣሪያ ላይ የዋለ ውሃ «ቀዝቃዛ» በተባለው መክፈቻ የሚወርደው ትኩስ ሆኖ መሆኑን የሪያድ ነዋሪ ሁሉ ያውቃል፤ ለዚህም ነው ብዙዎች የውሃ ማሞቂያውን አጥፍተው ከእርሱ የሚቀዱት። ለወርቃማ ዓሣ እንዲህ ያለ ውሃ በድንገት መቀበል ከባድ ነው።

የተሻለው ዘዴ ከገንዳው አጠገብ ከ10 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ የተዘጋጀ ውሃ ማስቀመጥና አዋማው ከዚያ እንዲቀዳ ማድረግ ነው። ቫልቩ ቢበላሽ እንኳ የሚፈስሰው በዕቃው ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ የታችኛው ገንዳ ባዶ ቦታም አብዛኛውን ይይዘዋል። በማእድ ቤት በተለመደው የማጣሪያ መሣሪያ ውሃ የሚያዘጋጁም አሉ። ከማጣሪያው በኋላ ያለው መስመር ከፕላስቲክ ብቻ መሆን አለበት፤ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ብረትን ይበላልና።

በባልዲ ፋንታ በጎማ ለሚሞሉ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የጎማው ጫፍ በገንዳው ውሃ ውስጥ ጠልቆ እያለ የጣሪያው ታንከር ቢያልቅ ወይም መስመሩ ቢዘጋ፣ የዓሣው ውሃ በሳይፎን ወደ ቤቱ የመጠጥ መስመር ሊሳብ ይችላል። የጎማው አፍ ሁልጊዜ ከውሃው ወለል በላይ፣ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ መቆየት አለበት። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ከዓሦቹ ደኅንነት ይቀድማል።

ግዢ፣ ተከላና ርክክብ

በመደብሮች የሚሰሙት የዐረብኛ ስሞች ለአማርኛ ተናጋሪው ባለሙያ ሥራ ያቀላሉ። ቧንቧ «ማሱራ»፣ መዝጊያ ቫልቭ «መህበስ»፣ ክርን «ኩዕ»፣ ዩኒየን «ሸድ ወስል»፣ ማጣበቂያ «ጊራ»፣ ኢንች «ቡሳ» ይባላል፤ አኳሪየሙ ራሱ «ሐውድ አስማክ» ነው። ስሙን ከመጥራት ይልቅ ግን ናሙናውን ይዞ መሄድ፣ የቧንቧውንም ውስጥና ውጭ በካሊፐር መለካት ከስሕተት ያድናል።

ፒቪሲ ሲቆረጥ ጫፉ ቀጥ ብሎ፣ ፍርፋሪው ተጠርጎ፣ ማጣበቂያው በሁለቱም ወገን ተቀብቶ ሩብ ዙር እየዞረ ይገባና ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተይዞ ይቆያል። ውሃ ከመሙላት በፊት አንድ ሙሉ ቀን መታገሥ ይገባል። በፕላስቲክ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ከተጠቀለለ በኋላ በእጅ ጠብቆ ጥቂት መጨመር በቂ ነው፤ በቧንቧ መፍቻ አጥብቆ መዞር መገጣጠሚያውን ይሰነጥቃል። የፓምፑ ሽቦ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረግቦ እንደገና መውጣት አለበት፤ በሽቦው ላይ የሚንሸራተት ጠብታ በረገበው ቦታ ይወድቃል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም።

ዓሣ ሳይገባ ገንዳው በተራ ውሃ ቢያንስ 24 ሰዓት ይሠራል። በዚያ ጊዜ ፓምፑ ሆን ተብሎ ከሶኬት ይነቀላል፤ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲመለስም በታችኛው ገንዳ የደረሰበት ከፍታ ይታያል። ቀጥሎ የወራጁ አፍ በጨርቅ ተደፍኖ ፓምፑ እንዲሠራ ይደረጋል፤ ባለሙያው አጠገቡ ቆሞ የላይኛውን ጠርዝ ይመለከታል። ሁለቱን ፈተና ያላለፈ ተከላ ርክክብ ሊደረግለት አይገባም። ባለቤቱና ባለሙያው ባሉበት የቤቱ ሠራተኛም ፈተናውን ብታይ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሌሊት የሚያጋጥማት ይኸው ነው።

በታችኛው ገንዳ መስታወት ላይ በማይለቅ ቀለም መስመር ይሰመራል፤ ውሃው ከዚያ በላይ እንዳይሞላ። ይህ መስመር ከቫልቮቹ ሁሉ ርካሽ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርሱ ነው፤ ደግ ልብ ያላት ሠራተኛ ውሃው እንዳያንስ ብላ እስከ አፉ ብትሞላው መብራት በጠፋ ጊዜ መመለሻ ቦታ አይኖርም። የመመጠኛው ጌት ቫልቭ ከተስተካከለ በኋላ በቀይ ፕላስተር ይታሰራል፤ እንዳይነካ። ለድንገተኛ ጊዜ መዘጋት ያለበት መክፈቻ ደግሞ በሌላ ቀለም ይለያል፤ ስሙም በአማርኛና በዐረብኛ ተጽፎ ይንጠለጠላል፤ የባለሙያው ስልክ ቁጥርም ከጎኑ። ቼክ ቫልቩ በየሦስት ወሩ ተፈትቶ ይታጠባል፤ ጎማው ከጠነከረ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየራል።